ስካነሩ ይቅደም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጥርስ ነው፤ በሰው እጅና በማሽን ስለሚሠራው ጥርስ። ክራውን የምንለውን ሽፋን በብርሃን ለክቶ፣ በኮምፒውተር ነድፎ፣ በማሽን ፈልፍሎ የማውጣት ሐሳብ ከተወለደ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ታሪኩ ከሊዮን ይነሣል፣ በዙሪክ ያልፋል፣ ስቶክሆልም ይደርሳል፤ ዞሮ ዞሮ ደግሞ እኛው ደጃፍ ላይ ቆሟል። አዲስ አበባ ላይ የጥርስ ላብራቶሪ ከፍቶ «ስካነርና ሚሊንግ ማሽን ልግዛ ወይስ ልቆይ?» እያለ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ፣ ይህ ትረካ ለእሱ ነው። የጥያቄውን መልስ ከሻጩ ካታሎግ ይልቅ ቀድመውን የሞከሩት ሰዎች ታሪክ ውስጥ ታገኙታላችሁና ጆሯችሁን አውሱኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልያም ታጋርት የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ኒው ዮርክ ላይ አንድ ዘዴ ለሙያ ጓደኞቹ አሳየ። የጥርሱ ሙሌት መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፤ ሰሙ እሳት በሚችል ጀሶ ይከበባል፤ ከዚያ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በተወው ባዶ ቦታ ወርቅ ይገባበታል። ጥበቡ ጥንታዊ ነው፤ የእኛም አገር ባለእጆች የነሐስ መስቀል ሲያወጡበት ኖረዋል። የታጋርት ውለታ ይህን ጥንታዊ ጥበብ ለጥርስ ልክ እንዲበቃ አድርጎ ማጥራቱ ነው። ከእሱ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጥርስ ቴክኒሺያን ኑሮ ሰምና እሳት ሆነ።

እስቲ ወደዚያ ቴክኒሺያን ጠረጴዛ ጠጋ በሉ። ሐኪሙ ከላከው ልክ ውስጥ ጀሶ ይፈስሳል፤ ሲጠጥር የታካሚው ጥርስ ቅጂ ይወጣል። ቴክኒሺያኑ ማርጂኑን፣ ማለትም ሐኪሙ ጥርሱን ሞርዶ ያቆመበትን መስመር፣ በቀይ እርሳስ ያሰምርበታል። የሰም መሣሪያውን እሳት ላይ ሞቅ ያደርግና ጠብታ በጠብታ እየጨመረ ጥርሱን ይገነባዋል። ከዚያ ብረቱ ይቀልጣል፣ ይፈስሳል፣ ይሞረዳል፤ በላዩ ፖርሰሊን በብሩሽ ይደረደርና ምድጃ ይገባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጀሶው ሲጠጥር ይሰፋል፣ ብረቱ ሲበርድ እንደገና ይኮማተራል። ጎበዝ ቴክኒሺያን የሚባለው አንዱን ስህተት በሌላው እያካካሰ ክራውኑን ልክ የሚያስቀምጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ማክሊንና ቮን ፍራውንሆፈር የተባሉ ተመራማሪዎች በክራውኑ ጠርዝና በጥርሱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ120 ማይክሮን ባይበልጥ ተቀባይነት አለው አሉ። ይህ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ያነሰ ነው። ሙያው እስከ ዛሬ ይህን ቁጥር ይጠቅሳል፤ ወደ ፊትም እንፈልገዋለንና ያዙልኝ።

ታዲያ በዚያው ዘመን ሊዮን ከተማ ፍራንሷ ዱሬ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ ተነሣ። ልክ የሚወሰደው አፍ ውስጥ በሚከተት ሊጥ በሚመስል ነገር መሆኑ ለምን? በብርሃን ቢወሰድስ? ብሎ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው የመመረቂያ ጥናትም በዚሁ ላይ ነበር። ዕቃው ያልተፈጠረለት ሐሳብ ነበርና ዓመታት ወሰደበት። እ.ኤ.አ. በ1985 ግን ፓሪስ ላይ በተሰበሰቡ የጥርስ ሐኪሞች ፊት ልኩን በብርሃን ወስዶ፣ ክራውኑን በኮምፒውተር ነድፎ፣ በማሽን ፈልፍሎ አሳያቸው። ከንድፉ እስከ ፍልፈላው ሁሉንም በአንድ ቦታ አደረገው። ማሽኑ ውድና ውስብስብ ስለነበር በሰፊው አልተሸጠም። ሐሳቡ ግን ከማሽኑ ዕድሜ በላይ ኖረ።

ዙሪክ ላይ ደግሞ ቨርነር ሞርማን የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። የእሱ ጭንቀት ሌላ ነው፤ የጥርስን መልክ የያዘ፣ የሚበረክት ሙሌት በአንድ ቀጠሮ ጨርሶ ታካሚውን ማሰናበት ይፈልጋል። ማርኮ ብራንደስቲኒ ከሚባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ጋር ሆነው ካሜራውን፣ ኮምፒውተሩንና መፍጫውን በአንድ ተሽከርካሪ ሣጥን ውስጥ አስገቡ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያው የሴራሚክ ሙሌት በታካሚ አፍ ተቀመጠ። ሴሬክ የሚባለው ማሽን ይኸው ነው። ሲመንስ ኩባንያ ወስዶ ለገበያ አቀረበው። የመጀመሪያው ሴሬክ የሚፈጨው በአንድ መንኮራኩር ስለነበር የጥርሱን የማኘኪያ ገጽ ጉብታና ሸለቆ ማውጣት አይችልም፤ እሱን ሐኪሙ በእጁ ይቀርጸው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ማሽኑ ሲመጣ የሰው እጅ አልተሰናበተም።

እነሆ የመጀመሪያው መንገድ፦ ሁሉም ነገር ከታካሚው ወንበር አጠገብ። ሐኪሙ ይለካል፣ ይነድፋል፣ ይፈለፍላል። ላብራቶሪው ከመሀል ይወጣል።

ሁለተኛውን መንገድ ያወጣው ስዊድናዊው ማትስ አንደርሰን ነው። ፕሮሴራ በሚባለው ሥርዓቱ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ላብራቶሪው የሚገዛው ስካነር ብቻ ነው። የጀሶው ጥርስ በሚዞር ሠንጠረዥ ላይ ይቆማል፤ ጫፏ ላይ ትንሽ የሳፋየር ኳስ ያላት መርፌ እየነካካች ዙሪያውን ትወርደዋለች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ይመዘገባሉ። ያ መረጃ በስልክ መስመር፣ በሞደም፣ ወደ ስዊድን ይላካል። እዚያ ያለው ፋብሪካ የጥርሱን ቅጂ ሆን ብሎ አግዝፎ ይፈለፍለዋል፣ አሉሚና የሚባል የሴራሚክ ዱቄት ይጭንበታል፣ ሲጋገር ተኮማትሮ ትክክለኛ ልኩን ይይዛል። የውስጥ ሽፋኑ በፖስታ ይመለሳል፤ ቴክኒሺያኑ ፖርሰሊኑን በእጁ ይደርብበታል። ኢንተርኔት ገና ባልተስፋፋበት ዘመን፣ አነስተኛ ከተማ ውስጥ ያለ ላብራቶሪ አንዲት መለኪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የትልቅ ፋብሪካ ደንበኛ ሆነ። ሚሊንግ ማሽን አልገዛም፤ ለአሉሚናው መጋገሪያ ምድጃም አልገዛም። እኔ ይህን የታሪኩ ልብ እለዋለሁ።

ሦስተኛውን መንገድ የከፈተው ዚርኮኒያ የሚባለው ሴራሚክ ነው። ዚርኮኒያ ሙሉ በሙሉ ከተጋገረ በኋላ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ መፈልፈሉ መከራ ነው። ዙሪክ በሚገኘው የስዊስ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የሉድቪግ ጋውክለር ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሌላ ብልሃት አመጣ፤ ዚርኮኒያው በከፊል ብቻ ተጋግሮ እንደ ጠመኔ ለስላሳ ሆኖ ሳለ አግዝፎ መፈልፈል፣ ከዚያ መጋገር። ለስላሳ ነገር ለመፈልፈል ግዙፍ የፋብሪካ ማሽን አያስፈልግም። ስለዚህ ማሽኑ እያነሰ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዚርኮኒያ በላብራቶሪዎች ተሰራጨ። ከላዩ የሚደረበው ፖርሰሊን እየተሸራረፈ ሲያስቸግር ደግሞ ጥርሱን በሙሉ ከአንድ ዚርኮኒያ ማውጣት ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኮፐንሀገን የተመሠረተው ስሪሼፕና እ.ኤ.አ. በ2010 ከጀርመኑ ፍራውንሆፈር ኢንስቲትዩት የወጣው ኤክሶካድ የመንደፊያ ሶፍትዌሩን አመጡ። ስካነሩም ሚሊንግ ማሽኑም ምድጃውም በአንድ ላብራቶሪ ጣሪያ ሥር ተገናኙ።

እንግዲህ መንገዱ ሦስት ነው፦ የወንበሩ መንገድ፣ የተከፈለው መንገድ፣ የላብራቶሪው መንገድ። ዛሬ ገንዘቡን ይዞ የቆመ ሰው ሁሉ አወቀውም አላወቀውም ከእነዚህ አንዱን እየመረጠ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። እንበል አንዲት የላብራቶሪ ባለቤት አለች። ሻጩ መጥቶ፣ «እህቴ፣ ይህን አንዴ ከገዙ ሌላ አያስቸግርዎትም፤ ስካነሩ፣ ማሽኑ፣ ምድጃው አንድ ላይ ነው» ይላታል። ወዳጆቿም «ግዢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሁሉም ዲጂታል ሆኗል» ይሏታል። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ ይሏል ይህ ነው። አብረዋት ለረጅም ጊዜ የሠሩ አንጋፋ ቴክኒሺያን አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ስትላቸው መልሳቸው አጭር ነው፦ «ልጄ፣ መጀመሪያ ደብተሩን አምጪውና በወር ስንት ክራውን እንደምንሠራ እንቁጠር።»

ቆጠራውን አብረናቸው እናድርገው። ማሽኑ ከነምድጃው 30,000 ዶላር ነው እንበል፤ አምስት ዓመት ያገለግላል እንበል። ለወር 500 ዶላር ይደርሳል። ላብራቶሪው በወር 200 ክራውን የሚሠራ ከሆነ ለአንዱ 2.50 ዶላር ነው፤ ይህ አያስፈራም። በወር 40 ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ለአንዱ 12.50 ዶላር ይወድቅበታል፤ ያውም የሚፈለፈለው የዚርኮኒያ ዲስክ፣ መፈልፈያው፣ መብራቱ፣ የሠራተኛው ደመወዝና ተበላሽቶ የሚደገመው ሥራ ሳይቆጠር። ማሽኑ ያው ነው፤ ዋጋውን አምስት እጥፍ ያደረገው የሥራው ማነስ ነው።

በዚህ ላይ የዶላሩን ነገር ጨምሩበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የባንክ ዋጋው ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያ 30,000 ዶላር 1.7 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። ዶላሩ መቶ ብር ሲሞላ ያው ማሽን ሦስት ሚሊዮን ብር ሆነ። ማሽኑን አንዴ ከፍላችሁ ትገላገሉ ይሆናል፤ ዚርኮኒያ ዲስኩ፣ መፈልፈያው፣ መለዋወጫውና የሶፍትዌር ክፍያው ግን ማሽኑ እስካለ ድረስ በዶላር ይጠይቃችኋል። ስለዚህ «ማሽኑ ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በዓመት ስንት ዶላር ይበላል?» የሚለው መቆም አለበት። ካፒታል ለጎደለው ሰው በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 103 የተፈቀደው የካፒታል ዕቃ ሊዝ አንዱ በር ነው፤ ገንዘቡን ከመበደር ይልቅ ማሽኑን ተከራይቶ እየሠሩ መክፈል ማለት ነውና፣ ባንክ ደጃፍ ከመሄዳችሁ በፊት የሊዝ ድርጅቶችን በር አንኳኩ።

አሁን ከማሽኑ አጠገብ ቁሙና አንድ ነገር ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ዚርኮኒያ ዲስኩ ክብ ነው፤ በስፋት የሚሠራበት ዓይነት ስፋቱ 98 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በአንዱ ውስጥ ሃያና ከዚያ በላይ ክራውን ይቀመጥበታል። ዲስኩ ላይ፣ አለዚያ ሣጥኑ ላይ፣ አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ ከአንድ ብዙም የማይርቅ፣ በነጥብ የተከፈለ ቁጥር ነው። ዲስኩ ሲጋገር ምን ያህል እንደሚኮማተር የሚናገረው እሱ ነው። ዚርኮኒያ ሲጋገር እንደየዓይነቱ ሃያ በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ሶፍትዌሩ ያንን ቁጥር ይዞ ክራውኑን ያገዝፈዋል። አንዱ ምርት ከሌላው ስለሚለይ ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩም ይቀየራል። ቴክኒሺያኑ የትናንቱን ቁጥር ሳይቀይር ቢተወው ማሽኑ ምንም አይልም፤ በታዘዘው ልክ በጥንቃቄ ይፈለፍላል፣ ምድጃውም በታዘዘው ልክ ይጋግራል፤ ስህተቱ የሚታወቀው በማግስቱ ክራውኑ ጀሶው ላይ አልገባ ሲል ነው። ያ 120 ማይክሮን የምንለው ልክ በአንዲት ያልታየች ቁጥር ይበላሻል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው አባባል ለዚህ ሙያ የተተረተ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ምድጃውን እዩ። ዚርኮኒያ የሚጋገረው 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ እንደ ፕሮግራሙ ከመሞቅ እስከ መብረድ በርካታ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ብዙ ላብራቶሪ ማታ ያስገባውና ጠዋት ያወጣዋል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ቢሄድስ? ሙቀቱ ከፕሮግራሙ ውጭ ይወርዳል፤ ጥንካሬውም መልኩም እርግጠኛ አይሆንም፤ የተያያዙ ጥርሶች ያሉት ረጅም ብሪጅ ከሆነ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዩፒኤስ ኮምፒውተሩንና ስካነሩን ያድናል፤ የምድጃውን ጭነት ግን ተራ ዩፒኤስ አይሸከምም። ጄኔሬተሩ፣ እሱም ራሱ ተነሥቶ መስመር የሚይዘው ዓይነት፣ ከምድጃው ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ይህ ወጪ በሻጩ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ የእናንተ ወረቀት ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን መግባት አለበት።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው። ብዙ የላብራቶሪ መሣሪያዎች የሚሠሩበት የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃ መነሻ አድርጎ የሚያስበው ከባሕር ጠለል እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየሩ ሳሳ ሲል ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ የሚቀዘቅዙበት አቅም ይቀንሳል፤ ሚሊንግ ማሽኑ የሚፈልገውን አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰርም ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሰጠውን ያህል አይሰጥም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «ይህ ማሽን በአዲስ አበባ ከፍታ ዋስትናው ይጸናል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት፤ ኮምፕረሰሩንም አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ግዙ፤ ማድረቂያና ማጣሪያው አይቅር፤ እርጥብ አየር ለማሽኑ ጠላት ነው። የዚርኮኒያ አቧራ ደግሞ ለሳምባ ጠላት ነውና መምጠጫው ከማሽኑ እኩል ይታሰብ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሰማች ያቺ ባለቤት ምን ታድርግ? እኔ ያለኝ መልስ የስዊድኑ ሰው ያሳየን ነው። ስካነሩን አስቀድማ ትግዛ። የላብራቶሪ ስካነር ዋጋው ከሚሊንግ ማሽንና ከምድጃ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ምድጃ አይፈልግም፣ ኮምፕረሰር አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋ ዩፒኤስ ይበቃዋል። ጀሶው በሰማያዊ ብርሃን ይለካል፤ ቀድሞ በቀይ እርሳስ ይሰመር የነበረው ማርጂን ኮምፒውተር ላይ ይሰመራል፤ ያን መስመር የሚያውቀው ግን ያው የጋሼ ዓይን ነው። ለዚህ ነው አንጋፋው ቴክኒሺያን ከኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ ያለባቸው፤ ወጣቱ ማውሱን ይያዝ፣ እሳቸው ጥርሱን ያንብቡለት። የተነደፈው ፋይል ሚሊንግ ማሽን ላለው ሌላ ላብራቶሪ ይላካል፤ ተፈልፍሎና ተጋግሮ ሲመለስ ማጥራቱ፣ ማስማማቱ፣ ቀለሙ በቤት ይጠናቀቃል። ብረት የሚፈልግ ታካሚ ቢመጣም ስካነሩ ሥራ አይፈታም፤ ያው ንድፍ በሚቃጠል ሬዚን ታትሞ፣ በታጋርት መንገድ በብረት ይወጣል።

ስካነሩ ሲገዛ ሁለት ነገር አይዘንጋ። አንደኛው፣ ኤስቲኤል የሚባለውን ለማንም ማሽን የሚሆን ፋይል በነጻነት የሚያወጣ ይሁን፤ ፋይሉን ለራሱ ማሽን ብቻ የሚቆልፍ ሥርዓት የነገውን ምርጫችሁን ዛሬ ይወስድባችኋል። ሁለተኛው፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ዓመታዊ ክፍያ አለው ወይስ አንዴ ተገዝቶ ያበቃል? ክፍያው ቢቋረጥ መንደፍ ያቆማል ወይስ አዲስ ነገር መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው? ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ ባለቤቷ ደብተር ትክፈት። በወር ስንት ፋይል ላከች? ስንቱ ተበላሽቶ ተመለሰ፣ በማን ጥፋት? ለሌላው ላብራቶሪ ስንት ከፈለች? ቁጥሩ ራሱ ይነግራታል። በወር የምትከፍለው ገንዘብ ማሽኑ ከሚፈጀው ሁሉ፣ ማለትም ከዕዳው፣ ከዲስኩ፣ ከመፈልፈያው፣ ከጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ከሠራተኛው በላይ ሆኖ ለተከታታይ ወራት ከጸና፣ ያኔ ሚሊንግ ማሽኑን ትግዛ፤ ያኔ ግዢው ምኞት መሆኑ ቀርቶ የተቆጠረ ሥራ ይሆናል። ካልጸና ደግሞ ምንም አልከሰረችም፤ ስካነሯ እየሠራ ነው፣ ቴክኒሺያኖቿ እየተማሩ ነው፣ ታካሚዎቿም ዚርኮኒያ እያገኙ ነው። ጥቂት ላብራቶሪዎች ተሰባስበው አንድ ማሽን በጋራ ቢያቆሙ ደግሞ ያ 40 ክራውን የነበረው 200 ይሆናል፤ እያንዳንዱን ብቻውን የከበደው ዋጋ ይቀላል። ውላቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ካሰሩ ይህ ለእኛ ገበያ የሚስማማ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ማሽን ጠልቼ አይደለም። በጥሩ ሁኔታ የተስተካከለ ማሽን ሠላሳኛውንም ክራውን እንደ መጀመሪያው ያወጣል፤ እጅ ሲደክም አይደክምም። ፋይሉ ተቀምጦ ስለሚቆይ ክራውኑ ቢሰበር ያለ አዲስ ልክ ሊደገም ይችላል። አገራችን ይህ ቴክኖሎጂ ያስፈልጋታል፤ ሰው ለጥርስ ብሎ ባሕር እንዳይሻገር፣ የእኛም ልጆች በዚህ ሙያ ኮርተው እንዲኖሩ። የሚያስፈልገው ግን በቅደም ተከተሉ ሲመጣ ነው፤ መጀመሪያ ዕውቀቱ፣ ቀጥሎ ስካነሩ፣ ቀጥሎ ቆጠራው፣ በመጨረሻ ማሽኑ። ለግዢ ከመደባችሁት ገንዘብ ላይ ለሥልጠና የሚሆነውን መጀመሪያ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ዋጋ ሲቀንሱላችሁ የሚቀነሰው እሱ እንዳይሆን። ማርጂን ማንበብ የሚያውቅ ቴክኒሺያን ያለው ላብራቶሪ ማሽኑን ነገም ይገዛዋል፤ ቴክኒሺያኑን ያላሠለጠነ ላብራቶሪ ግን ከገዛው ማሽን ጥሩ ክራውን አያወጣም።